የሰሞነኞቹ ስፌት ቤት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከአንድ ልብስ መተኮሻ ቤት የወጣ ሽታ ያዘኝና የጠራሁት ባጃጅ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። እርጥብ ጨርቅ በሱፍ ላይ ተነጥፎ ትኩስ ካውያ ሲያርፍበት የሚወጣው ሽታ ነው፤ የበግ፣ የዝናብና የተቃጠለ ክር ሽታ አንድ ላይ። የዛሬዎቹ ካውያ ቀላል ነው፣ እንፋሎቱንም ራሱ ይተፋል። የእኛ ካውያ ሆዱ ከሰል የሚበላ ብረት ነበር፤ እሱን ቀኑን ሙሉ ሲያነሣና ሲጥል የሚውል ክንድ ዛሬ ጎንደር ውስጥ ስንት እንዳለ እንጃ። የእኔ ክንድ ግን አሁንም ያነሣል። ሰባን አልፌ ያለ መነጽር ክር በመርፌ እሰካለሁ፤ ያላመነ መርፌውን ይዞ ይምጣ። ታዲያ ከዚያ ሽታ ወዲህ መቀመጥ እምቢ አለኝ። ቤት ስገባ ልጆቼ አረፍ በል ይሉኛል፤ አረፍ እልና ሻይው ሳይበርድ ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ። እግሬ ወደዚያ ወደ ቀድሞው መንገድ ይወስደኛል፤ ስደርስ ስፌት ቤቱ የለም፣ የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆኗል። ቆሜ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ እሄዳለሁ።

እኔ ወርቁ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት በልክ ወረቀት ነው። ልብስ ቆራጭ የደንበኛውን ልክ ጨርቅ ላይ ከማሳረፉ በፊት በወረቀት ይቆርጠዋል፤ ወረቀቱም ያን ጊዜ አሮጌ ጋዜጣ ነበር። ጠዋት ማታ ፊቴ የተዘረጋውን ጽሑፍ እንደ ከብት ማየት አናደደኝና፣ ከሱቅ ታፔላ ላይ የማውቀውን ስም ከጋዜጣው ፊደል ጋር እያስተያየሁ፣ በሁለት ክረምት ማንበብ ቻልሁ። ዜናው ግን ሁልጊዜ ቁራጭ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ንግግር ያደርጋል፤ ብብቱ ዘንድ ስደርስ በመቀስ ተበልቷል። የዝናቡ ነገር ከወገብ በታች የለም። የቀረውን በራሴ እሞላዋለሁ፤ ብዙም ስቼ አላውቅም። ሒሳብን ደግሞ ያስተማረኝ ሜትሬ ነው። ኮት ሊለኩ መጥተው ስለ አገር ጉዳይ ሲከራከሩኝ ተረትተው የሄዱ የተማሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ኮታቸው ግን አምሮባቸው ሄዷል።

ስፌት ቤቱ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቢጫ ቤቶች ባንዱ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ ሙስጦፋ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም በጨርቅ ንግድ የታወቁ፣ የጎንደር ሰው ለሠርጉ ጨርቅ ሲፈልግ በቅድሚያ የእነሱን በር የሚያንኳኳ ቤተሰብ። በሁለት ረድፍ ስምንት የእግር መኪና፣ በስተኋላ የእኔ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ካውያውና ከሰሉ። ስምንቱ መኪና አብሮ ሲነዳ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚወርድ ይመስል ነበር። ከመንገዱ ማዶ የካሴት ሱቅ አለ፤ የዓመቱ ዘፈን ሲወጣ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ይደጋግማል፣ የሰፊው ሁሉ እግር ሳያውቀው በዘፈኑ ልክ ይረግጣል። ዘፈኑ የቀዘቀዘ ከሆነ ሥራው ይዘገያል፤ እኔ ተሻግሬ ሌላ ካሴት አስደርግ ነበር። ጋሪዎች ከደጃችን ይቆማሉ። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ ፓስቲው ደግሞ ዘይቱ ገና እየፈላ በወረቀት ይመጣል። ለአንድ ሱሪ ማሰፊያ የምንቀበለው ዛሬ ማኪያቶ አያስጠጣም፤ ያን ጊዜ ግን በሱሪ ማሰፊያ ቤተሰብ ያድር ነበር።

ልብሱስ! ጋባርዲን፣ ቴትሮን፣ ካኪ። ለሙሽራ ጥቁር ሱፍ፣ ገበሩ እንደ ውሃ የሚያንሸራትት፣ ትከሻው ስፖንጅ የገባበት። መምህር ከሆነ ቡናማ፣ ነጋዴ ከሆነ ግራጫ፣ ከመካነ ብርሃን ወይ ከደጋው የመጣ ባላገር ከሆነ አረንጓዴ ካኪ፣ ኮቱ ጉልበት ድረስ ካልወረደ ብርድ አይመልስም ብሎ የሚቆጣ። ሁሉንም በዓይን አውቅ ነበር። ሰው ከበር ሲገባ ሜትር ሳላወጣ ደረቱን እናገራለሁ፤ ካላመነ ለክቶ ማመሳከር የእሱ ፋንታ ነው።

ያ መንግሥት ሄዶ ይኼኛው ከመጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሰልባጅ የሚሉት የፈረንጅ አሮጌ ልብስ በቦንዳ በቦንዳ እየታሰረ ገበያውን ሞላው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሸራ ይነጠፋል፣ ቦንዳው ይፈታል፣ ጎረምሳ እላዩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ የማያውቀው አገር ስም የተጻፈበት ጃኬት ለብሶ ይሄድ ጀመር። እኔን የሚያናድደኝ ርካሽነቱ አልነበረም፤ የአንዱም ትከሻ ለለበሰው ሰው ልክ አለመሆኑ ነው። በመንገድ ላይ ስሄድ ዓይኔ የሰውን ሁሉ እጅጌ ያሳጥር ነበር። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ በዚያ ዓመት ጥር ስምንቱ መኪና አብሮ የነዳበት ቀን ጥቂት ነው። የሁዳዴ ጾም ሊገባ ሲል ሐጂ ወደ ጓዳቸው ጠሩኝና ወንበር አሳዩኝ። በሐጂ ጓዳ ወንበር ከታየ ነገሩ ከባድ ነው።

«ወርቁ፣ አራት ሰው መሸኘት አለብኝ» አሉኝ። «ማን ማን እንደሆነ አንተ ንገረኝ። እኔ ብመርጥ አፍራለሁ።»

«እኔስ አላፍርም?»

«አንተ ኩራት አለህ። ኩራት ያለው ሰው ቶሎ አያፍርም።»

ሐጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ሥራ ሳይኖር ሰውን አልበተኑም፤ ፊታቸውም ከስቶ ነበር። በስፌት ቤት ደንብ መጨረሻ የገባ ቀድሞ ይወጣል። መጨረሻ የገባችው ደግሞ እናኒ ናት፤ እሷን ያመጣሁ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አይከል ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ አንዲት ሴት በእጅ መኪና ቀሚስ ስትዘመዝም አየሁ። ቆሜ አየኋት። የስፌቷ እርምጃ አንዱ ካንዱ አይበልጥም፤ የቁልፍ ቤቷ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያየሁት ሁሉ አይደርስበትም። ባሏ ትቷት ሄዷል፣ አንዲት ልጅ አለቻት። እዚሁ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ፣ ጎንደር ነይ፣ ልጅሽም ትማራለች አልኋት። ይችን የእጅ መኪናስ ምን ላድርጋት አለችኝ። ሽጫት፣ እኛ ዘንድ የእግር መኪና አለ አልኋት። ሥራ ቢጠፋስ ስትለኝ፣ ወርቁ ባለበት ሰው ጦሙን አያድርም አልሁ። እንዲህ ስናገር ማንም አልያዘኝም። መኪናዋን ሽጣ መጣች። አሁን ብትሸኝ የምትመለስባት በረንዳ እንጂ የምትሠራባት መኪና የላትም፤ ልጅቷ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ብሔራዊ ፈተና ልትቀመጥ ነው።

በዚያ ሳምንት የዞርሁትን ዙረት እግሬ ዛሬም ያስታውሰዋል። በግንቡ አጥር ዙሪያ፣ ወደ ሳሙና በር፣ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርጄ፣ ተመልሼ ሽቅብ። ሻይ ቤት እገባና ሻይው ሳይመጣ እወጣለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ ደረቱን እለካለሁ እንጂ ስሙን አላስታውስም። አራት ስም በልቤ አወጣለሁ፣ እጥላለሁ። እንዲህ ስንከራተት በሥራ ቀን ጎረቤቴን ቄስ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ታመው እንደሆነ ብጠይቅ ደኅና ነኝ፣ ሰሞነኞቹ ሌሎች ናቸው፣ የእኔ ተራ የፊታችን ሳምንት ነው አሉኝ። ደብሩ ብዙ ካህናት አሉት፤ ሁሉም በየቀኑ ቢገባ መቅደሱ አይበቃቸውም፣ ስለዚህ አንድ ሰሞን አንዱ ወገን፣ ሌላ ሰሞን ሌላው ወገን ይቀድሳል። ከካህናቱ ማንም አልተባረረም። የያዝሁትን ዱላ መሬት ላይ መታሁና እዚያው ትቻቸው ወደ ሐጂ ሮጥሁ።

የቄሱን ነገር ግን እንዳለ አላመጣሁትም። ይኼ የእኔ ጠባይ ነው፤ ከሰው የወሰድሁትን ካላሻሻልሁ አላርፍም። ሳምንት ሳምንት ቢሆን አንዱ የጀመረውን ልብስ ሌላው መጨረስ አለበት፤ በእኛ ሙያ ደግሞ የሰው ስፌት መጨረስ እንደ ውርደት ይቆጠራል። ስለዚህ በቀን በቀን ይሁን አልሁ። ወራችን ሠላሳ ቀን ነው፣ አይጎድልም አይተርፍም። አራት ሰው አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያለ በጎዶሎው ቀን ይሥራ፤ አራት ሰው ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያለ በጥንዱ። ለሁሉም አሥራ አምስት አሥራ አምስት ቀን፤ ልብስህ ላይ ከአንተ በቀር ማንም እጁን አያሳርፍም። ቆራጩ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ሁልጊዜ እገባለሁ። ሐጂ እስከ ፋሲካ እንየው፣ ግን በሥራው ከሁሉ የሚያንስ ሰው ከተገኘ ያን ጊዜ እሸኛለሁ፣ ሁሉን ለዘላለም መሸከም አልችልም አሉ።

ለሰዎቹ ነገርኋቸው። ግማሽ ቀን ማለት ግማሽ እንጀራ ነው፤ ግን ከባዶ ይሻላል። ከሁሉ ፈጣኑ ጌጡ የሚባል የከተማ ልጅ ነበር፣ ምላሱም እንደ እጁ። ዘገምተኞቹ ይውጡና እኛ ሙሉውን እንሥራ ይላል ብዬ ፈርቼው ነበር። እሱ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጋሼ ወርቁ ቁጥር የበሉ ሰው ናቸው፣ ማን ይሟገታቸዋል አለና እኔን በጥንዱ ይጻፉኝ አለ። ሦስት ጓደኞቹም ተከተሉት። ለጎዶሎው የቀሩት ሁለት ሙስሊሞች፣ ከማርያምና ከመድኃኔዓለም በቀር በዓል የማያውቅ አንድ ጎልማሳና እናኒ ናቸው። እኔ የጌጡን ምስጋና ወድጄ ለሦስት ቀን ሳመነዥከው ከረምሁ።

በእኛ ዘመን በዓል በዓል ነበር። ዛሬ ባጃጁም ባንኩም በታቦት ቀን ሲሮጥ ይውላል፤ ያን ጊዜ ከገጠር የመጣ ሰው በበዓል ቀን መርፌ አይነካም። እኔም መቀስ አልነካም፤ የበዓሉን ሥራ ከዋዜማው ቆርጬ አስቀምጥና ቤቴ እውላለሁ። በዚህ ምክንያት በበዓል ቀን ስፌት ቤቱ ውስጥ ማን ኖሮ ማን እንደቀረ አይቼ አላውቅም።

ወር ከመንፈቅ አለፈ። ዳገት ቁልቁለት የነበረው ሥራ ተስተካክሎ ይሄድ ጀመር፣ ሁሉም በየተራው ይገባል፣ ያልገባው በትርፉ ቀን ሌላ ነገር ይሞክራል፤ አንዱ ዶሮ ነገደ፣ አንዱ ጋሪ ነዳ። እኔ በፒያሳ ስሄድ ደረቴ ይቀድመኝ ነበር። አራቱን ያስቀረሁ እኔ ነኝ ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው ሐጂ ጠርተው ከሁሉ ያነሰችው እናኒ ናት አሉኝ፤ የጌጡን ግማሽ አላደረሰችም። ሳልናደድ አልቀረሁም። አፌን ሞልቼ ያመጣኋት ሰው አሳፈረችኝ ብዬ በማግስቱ ከመኪናዋ አጠገብ ሄጄ ቆምሁ።

«እናኒ፣ ምነው እጅሽ ዛለ?»

«እጄስ ሸጋ ነው፣ አያ ወርቁ።»

«ታዲያ ሥራሽ የት ገባ?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አልተቆጣችም። ሰው ለእንግዳ መንገድ እንደሚያመለክት ቀስ ብላ ቆጠረችልኝ።

«በአምስት አቦ ነው፣ በሰባት ሥላሴ። በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ በሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ ባለወልድ። ሁሉም በጎዶሎው ነው። በጥንዱ የምይዛቸው ሚካኤልና ኪዳነ ምሕረት ብቻ ናቸው። እሑድም አለ። እኔ ቀን አላጠፋሁም አያ ወርቁ፤ ቀኔን ታቦት ወሰደው። ከታቦት ልሟገት?»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«አንቱ ሳያውቁት ይቀራል ብዬ መች አሰብሁ? የሚያውቁበት ነገር ቢኖር ነው አልሁ።»

ከፋሲካ ማግስት ወደ አይከል ለመመለስ እንዳሰበች፣ መኪና የሚያከራያት ሰው እያፈላለገች እንደሆነ ነገረችኝ። ልጅቷ ፈተናውን እስክትጨርስ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ገና አልቆረጠችም። የሸጠቻትን መኪና ነገር አላነሣችም። ብታነሣው በቀለለኝ ነበር።

ሠላሳ ቀን ስቆጥር በዓሉን ሳልቆጥር! የጎንደር ሰው፣ ያውም እኔ፣ ወሩን በታቦቱ እንጂ በቁጥሩ የማይጠራ ሰው! ሰው ቀጠሮ ሲሰጠኝ ለገብርኤል፣ ለማርያም ብዬ የምይዝ ሰው፣ ያን ወረቀት ላይ ሳሰፍር ግን የጋዜጣ ሰው ሆኜ ቁጥሩን ብቻ አየሁ። ደጅ ወጣሁ፣ ገባሁ። ካውያውን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁት። የመጀመሪያው ሐሳቤ ስሕተቱን ማንም ሳያውቅ ማስተካከል ነበር። ጌጡን ሻይ ቤት ወሰድሁት፣ ፓስቲ አዘዝሁለትና ከእናኒ ጋር ቀን ይለዋወጥ ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ጠየቅሁት። ፓስቲውን እየበላ ሳቀብኝ። በዓሉን በመጀመሪያው ቀን እንደቆጠረው፣ እኔ አለመቁጠሬ ገርሞት እንደነበር ነገረኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልህ ብዬ ስጠይቀው፣ ጋሼን ማረም እኔ ማን ነኝ አለና አፉን ጠረገ። ከፈለጉ በሁሉም ፊት ተሳስቻለሁ ይበሉና እለውጣለሁ አለ። ጥዬው ወጣሁ። በሁሉም ፊት! በሃምሳ ዓመት ዕድሜዬ ያንን ቃል ለሚስቴ እንኳ ብዬ አላውቅም።

የሆሣዕና ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሁላችንንም ሰበሰቡ። ጎዶሎውም ጥንዱም አንድ ላይ ከመጣ ብዙ ጊዜው ስለሆነ ቤቱ ጠበበ። ሐጂ ተቸግረው፣ ወደ መሬት እያዩ፣ ወላሂ ሁሉን ብይዝ ደስ ባለኝ፣ ግን ቃላችን ቃል ነው አሉ፤ ከሁሉ ያነሰው ይሸኛል። እናኒ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ስሟ ሳይጠራ ነው የተነሣችው። ያን መነሣት አላስችል አለኝ።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አልሁ። «ቀኑን ያወጣሁ እኔ ነኝ። በዓሉን ሳልቆጥር አወጣሁት። ተሳስቻለሁ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ያለ ድምፅ እንደነበረው ዛሬም ይሰማኛል፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። በዓሉ በጎዶሎው ቀን እንዴት እንደተከማቸ እኔው ቆጠርሁላቸው። ሐጂ በዓሉን አያውቁትም፣ ግን ሒሳቡ ገባቸው። ምን ይደረግ ሲሉ እንደ ካህናቱ ይሁን አልሁ፤ ሳምንት ሳምንት። ሳምንቱ ከወሩ ጋር እኩል ስለማይሄድ በዓሉ አንዴ ለአንዱ ወገን፣ አንዴ ለሌላው ይደርሳል። የሰው ስፌት መጨረስ ውርደት ነው የሚል ካለ፣ ውርደቱን ከእኔ ይጀምር፣ እኔ ዛሬ ተዋርጃለሁ፣ አልሞትሁም። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። በዚህ መሃል ጌጡ እጁን ኪሱ ከትቶ ጠየቀ።

«ቆራጩስ? እኛ ስምንታችን አንድ ሳምንት ስንቀመጥ ጋሼ ሁለቱንም ሳምንት ይቆርጣሉ?»

ይኼ ልጅ ከልቤ ያስጠላኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ልክ ነበር። የሁሉንም ቀን ስቆርጥ የራሴን አልቆረጥሁም። እኔም እቀመጣለሁ አልሁ። ሐጂ ራሳቸውን ቀና አድርገው ባንተ ሳምንት ማን ይቆርጣል አሉ። የልክ ወረቀቶቼ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ነበር፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር ይውላል። እዚያ ሣጥን ውስጥ የጎንደር ሰው ሁሉ አለ። የማን ግራ ትከሻ እንደሚዘም፣ የማን ሆድ በሁዳዴ እንኳ እንደማይቀንስ፣ የትኛው ዳኛ አንድ እግሩ እንደሚያጥር። ሃያ ዓመት ለማንም አላሳየሁም፤ የእኔ እንጀራ እሱ ነው። ቁልፉን አውጥቼ እናኒ መዳፍ ላይ አስቀመጥሁት። አሁን ጌጡም አልሳቀም። ሴት የወንድ ኮት ስትቆርጥ በጎንደር ማንም አላየም ነበር።

እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ አስተማርኋት። አስተማርኋት ስል ሦስት ቀን ነው፤ በአራተኛው ቀን ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ። እኔ ያለ አስተማሪ አሥር ዓመት የፈጀብኝን እሷ በአንድ ሳምንት ያዘችው፤ አስተማሪዋ ማን እንደሆነ ግን አይረሳ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በሰሞን ሠራን፤ ከዘጠኛችን ማንም አልተሸኘም። የእናኒ ልጅ ፈተናዋን አልፋለች። ጌጡ ኋላ የራሱን ሱቅ ከፈተ፣ ሐጂም አርጅተው ቤቱን እስኪዘጉ ድረስ ሰዎቹ በየጊዜው በፈቃዳቸው እንጂ በስንብት አልወጡም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ሲበተን እሰማለሁ፤ የሚበትኑት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ናቸው። አንዳቸውም መጥተው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ያችን የመጀመሪያዋን የዕረፍት ሳምንት ግን እንዴት እንዳሳለፍኋት ልናገር። ሰኞ ቤት ተቀመጥሁ። ሚስቴ እስከ ቀትር ታገሠችኝ፤ ከዚያ እባክህ ወዲያ ሂድልኝ፣ በዓይንህ የመጋረጃውን ልክ ስትወስድ ዋልህ አለችኝ። ማክሰኞ ገበያ ሄጄ የሰልባጅ ኮት እያገላበጥሁ ከሻጩ ጋር ተጣላሁ። ረቡዕ ሦስት ጊዜ በስፌት ቤቱ ደጅ አለፍሁ፤ ሦስቴም ጫማ የማስጠርግ መስዬ ከማዶ ቆምሁ። እጄ ሜዳ ላይ የቀረ ዕቃ ሆነብኝ፤ ኪሴ ውስጥ ብከተው ይወጣል፣ ከኋላዬ ባጣምረው ይፈታል። ለካስ ሥራ ከማጣት ይልቅ፣ ሥራው ያለ እኔ ሲሄድ ማየት ነው ሰውን መቀመጫ የሚያሳጣ። ሐሙስ አላስቻለኝምና ገባሁ።

አንድ ደንበኛዬ የሆነ መምህር ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ አዲስ ቡናማ ኮት ይሞክራል። ከእኔ ዘንድ ሲያሰፋ ብዙ ዓመቱ ነው። ክንዱን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ጎኑን አየ። ኮቱ ልክ እንደ ቆዳው ተቀምጦለታል። እኔን በመስተዋቱ ውስጥ ሲያይ ዞረና ፈገግ አለ።

«የጋሽ ወርቁ እጅ የትም ያስታውቃል» አለ።

ሐጂ ከጓዳቸው በር ላይ ነበሩ፤ ሰምተው አላረሙትም። ደንበኛ እንዳይሸሽ ነው። በአዲሱ ድልድል ከእናኒ ወገን የወደቀው የጌጡ መኪና ቆመ። እናኒ ከጠረጴዛው ኋላ መቀሱን እንደያዘች ወደ እኔ አየች፣ ወዲያው ዓይኗን ጨርቁ ላይ መለሰች። ምስጋና ተሰጥቶኝ መልሼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያንንም ብውጠው ማንም አይቀማኝም ነበር።

«እኔ አልቆረጥሁትም» አልሁት። «እሷ ናት።»

መምህሩ እናኒን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ቀልድ መስሎት ጠበቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲያውቅ ኮቱን አወለቀና ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ገበሩን ገልብጦ አየ። ብብቱን በጣቱ ተከተለ። ትከሻውን በሁለት መዳፉ ይዞ ግራውን ከቀኙ አስተያየ፣ የቁልፍ ቤቶቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ሞከረ። የሚፈልገውን ማወቅ ቀላል ነበር፤ እኔም ከበሩ ቆሜ አብሬው እየፈለግሁ ነበር። ረጅም ጊዜ ፈጀ። መኪናዎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል።

ምንም አላገኘም። ኮቱን መልሶ ለበሰና ለእናኒ፣ እኅቴ እጅሽ ይባረክ፣ ሱሪውንስ መች ልምጣ አላት። እሷም ሳምንቱ ሳያልቅ ይምጡ አለችው።

ሳምንቱ የእኔ አልነበረምና ወጣሁ።